ባለሙያ ቀጥሮ ዘመድ የሚሰማ ደንበኛ፤ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ቤዛ_ዲጂታል (ርዕሱን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ግማሹ እሮሮ ነው፣ ግማሹ ጥያቄ። እሮሮውን አስቀድሜ ልጨርሰው።

አንድ ፈርኒቸር ቤት የፌስቡክና የኢንስታግራም ሥራውን ሰጥቶኛል። ባለቤቱ ሰው አክባሪ ነው፣ ክፍያ አያጓትትም፣ ሶፋውም ጥሩ ነው። ስንጀምር ቁጭ ብለን ሁሉንም ተስማማን። በየፖስቱ ዋጋ ይጻፍ። ማስታወቂያው አዲስ አበባ ላለ ሰው ብቻ ይታይ። የምንፈልገው መልእክትና ስልክ እንጂ ላይክ አይደለም። «የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ሳምንት አልቆየም። አሜሪካ ያለው የአክስቱ ልጅ ፔጁን አይቶ ቀለሙ ደብዛዛ ነው አለ። ማስታወቂያው ደግሞ እሱ ጋ አይታይም። አይታይማ! ሜሪላንድ ለተቀመጠ ሰው ሳሪስ ያለ ኤል ሼፕ ሶፋ ምን ያደርግለታል? ይሄን አስረድቼ ሳልጨርስ የባለቤቱ እህት መጣች። ዋጋው ይውጣ፣ ተፎካካሪ ያየዋል። «ለዋጋ ኢንቦክስ» ተባለ። ቀጥሎ ልጁ፣ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ «ላይክና ሼር ላደረገ ሶፋ ይሸለማል እንበል» አለ። ተባለ።

የሁሉም ሐሳብ ገባ። የእኔ ብቻ ቀረ። የሚከፈለኝ ግን እኔ ነኝ።

የአክስቱ ልጅ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩ። ሆስፒታል ውስጥ ላብራቶሪ ነው። የተከበረ ሙያ ነው፣ እኔ ስለ ደም ምርመራ አስተያየት ሰጥቼው አላውቅም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ እንዲህ ሲሆን ትከራከራላችሁ? ዝም ብላችሁ የታዘዛችሁትን ትሠራላችሁ? ወይስ ትለቃላችሁ?


ናቲ_ግራፊክስ

የእኔን ኑሮ ነው የጻፍሽው። ሎጎ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ትንሽ ደመቅ አድርገው፣ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ወርቃማ ይግባበት።» አንዱ ደንበኛዬ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ድምፅ አሰጠበት። አክስቶች፣ የሚስት ወገኖች፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ ሳይቀር። የእኔ ሎጎ ተሸነፈ። ያሸነፈው የጎረቤት ልጅ በስልኩ የሠራው ነው።


ሚኪ_ሳሪስ

እኔ የማይገባኝ ይሄ ነው። ሐኪም ቤት ገብቶ «ዶክተር፣ ይሄን መርፌ ተወው፣ የአክስቴ ልጅ አልወደደውም» የሚል ሰው አለ?


ፍቅርተ

@ሚኪ_ሳሪስ ኧረ አለ! ጎረቤት ያለችውን ውጠን አልሻለን ሲል ነው ሐኪም ቤት የምንሄደው። ስንመለስ ደግሞ የታዘዘልንን ለጎረቤቷ እናሳያታለን 😂


ኮድ_ጸሐፊው

የእኔዎቹ ጎግል ላይ ናቸው። ለአንድ ክሊኒክ ዌብሳይት ሠራሁ። የባለቤቷ ጓደኛ ኮምፒውተር ሳይንስ ጀምሮ የተወ ነው። የገጹን ኮድ ከፍቶ ሲያይ ሜታ ኪወርድ የሚባለው፣ ለጎግል ዓይነት መፈለጊያ ቁልፍ ቃላት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። «ልጁ ሥራውን አልሠራም» ተባልኩ።

ጎግል እኮ የትኛው ገጽ ከላይ ይውጣ ብሎ ደረጃ ሲያወጣ ያንን ቦታ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሑፉን ላኩላቸው። መልሱ «ጎግል ሚስጥሩን ይነግርሃል ብለህ ነው?» ነበር። ምን ትላለህ? ቃላት ደርድሬ ሞላሁት። አልጠቀመም፣ አልጎዳም። ሁሉም ደስ አለው።

የሚያናድደው ግን ሌላው ነው። በዚያ ስንከራከር ዋናው ነገር ተረሳ። ከላይ የግድግዳ የሚያህል ፎቶ ካልተቀመጠ ብለው ገጹ በስልክ ሲከፈት ዕድሜ ይፈጃል። ጎግል ደግሞ ገጾችን የሚመዘግበው ስልክ ላይ በሚታየው መልካቸው ነው። ወደዚህ አሠራር መዞሩን ጨርሻለሁ ያለው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላም አለ። የእኛ ሰው «የጥርስ ሐኪም» ሲፈልግ ግማሹ በሐመሩ ሐ፣ ግማሹ በሃሌታው ሀ ይጽፋል። ብዙው በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ይጽፋል። ሌላው ጭራሽ በእንግሊዝኛ ነው። ገጹ ላይ የትኛውን እንጠቀም የሚለው ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚፈልግ ጉዳይ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ስለ ፎቶው ግን ዘበኛውም አስተያየት ሰጥቷል።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ቤዛ። እኔ ያ የአክስት ልጅ ነኝ። ማለቴ፣ የአንቺ ደንበኛ አይደለሁም፣ ግን ቦታው የእኔ ነው። ሁለት ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪኝ።

አንደኛ፣ እኛ ፈልገን አይደለም። ከሥራ ደክሞኝ ስወጣ ሊንክ ይላካል። «እስቲ እየው፣ ምን ይመስልሃል?» ይባላል። «ጥሩ ነው» ካልኩ «ሳያየው ነው» ይባላል። ስለዚህ የሆነ ነገር መናገር አለብኝ። የማውቀው ምንድን ነው? ቀለም። ዓይን ስላለኝ። ስለ ቀለም የተናገርኩት ሌላ የምናገረው ስለሌለኝ ነው እንጂ ቀለሙ እንቅልፍ ነስቶኝ አይደለም። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ስትደርስ ትእዛዝ ትሆናለች።

ሁለተኛውን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ሱቁ ሲከፈት ገንዘብ የላከው ማን ነው? የእኛ ቤት ሁኔታ ልንገርሽ፦ የአጎቴ ልጅ ሱቅ የተከፈተው ከዚህ በተላከ ዶላር ነው። ሲጠይቀኝ ምክር ብቻ እየጠየቀ አይደለም። «ገንዘብህ በምን ላይ እየዋለ እንደሆነ እያሳየሁህ ነው» እያለኝ ነው። አንቺ የምታዪው ያልተማረ አስተያየት ነው። እሱ የሚያየው ባለ ድርሻውን ነው።


ቤዛ_ዲጂታል

@ሲልቨር_ስፕሪንግ ይሄን ጭራሽ አላሰብኩትም። ገንዘቡ ከማን እንደመጣ አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም። እሺ፣ የአክስት ልጅን ላንተ ስል ተውኩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉስ?


ሲልቨር_ስፕሪንግ

እሱን አንቺ ቻይው 😄


ባለሱቁ_ከመርካቶ

ልጆች፣ አንብቤ ዝም ልል ነበር። ነጋዴ ነኝ፣ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከዚህኛው ወገን ያለውን ደግሞ ስሙ።

ባለሙያ ነኝ ያለ ሁሉ ባለሙያ ነው ወይ? መጀመሪያ የያዝኩት ልጅ በአጭር ጊዜ ብዙ ሺህ ላይክ አመጣልኝ። ደስ አለኝ። ቆይቼ የሰዎቹን ስም ሳይ አንድም የአገሬ ሰው የለበትም። ከየት አገር እንደሆኑም እንጃ። እኔ መርካቶ ውስጥ በሜትር የምሸጥ ሰው ነኝ፣ እነሱ ከእኔ ምን ይገዛሉ? ሁለተኛው ፔጁን በራሱ ስልክና በራሱ ኢሜል ከፈተው። ሒሳብ ላይ አልተግባባንም። ፔጁን ይዞ ሄደ። እስካሁን የሱቄ ስም፣ የሱቄ ፎቶ፣ የእሱ ስልክ ነው ያለበት።

ሐኪም ፈቃድ አለው። ጠበቃ ፈቃድ አለው። የሒሳብ ባለሙያም አለው። የእናንተን ማን ይሰጣል? ትናንት የስልክ ሽፋን ይሸጥ የነበረ ልጅ ዛሬ «ዲጂታል ማርኬተር» ብሎ ካርድ ያሳትማል። የወንድሜ ልጅ ስለ ኢንተርኔት ብዙ ላያውቅ ይችላል። እንደማይበላኝ ግን አውቃለሁ። እናንተ ዕውቀት ነው የምትቆጥሩት፣ እኛ መጀመሪያ የምንቆጥረው ይሄንን ነው።


ናቲ_ግራፊክስ

ጋሼ ጨረሱን 🙈


ቤዛ_ዲጂታል

ጋሼ፣ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ፈቃድ ላሉት እውነትዎን ነው፣ የለንም። ጎግል ለማስታወቂያ ሠራተኞች የሚሰጠው ሰርተፍኬት አለ። በነጻ ነው፣ ቤት ተቀምጦ ይፈተኑታል፣ ዓመት ሲሞላው ጊዜው ያልፋል። እኔም አለኝ። እንደ ዲግሪ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ላይክ ያመጣልዎት ልጅ ምን ነበር የሚለው? «ላይክ ይብዛ።» የወንድምዎ ልጅስ ምን ይላል?


ባለሱቁ_ከመርካቶ

እሱም ላይክ ነው የሚለው። ያዝሽኝ። «የእገሌ ሱቅ መቶ ሺህ ፎሎወር አለው፣ የአንተ ለምን አነሰ» ይለኛል።


ሄኖክ_ኤጀንሲ

ትንሽ ኤጀንሲ ነው የምንሠራው፣ ብዙዎቹ ደንበኞቻችን ሱቅና ክሊኒክ ናቸው። ረዥም ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ።

ጋሼ ያሉትን ሳንመልስ «ደንበኛ አይሰማም» ማለት አንችልም። ስለዚህ እኛ ጋ ሥራ የሚጀመረው በባለቤትነት ነው። ፔጁ፣ የማስታወቂያ አካውንቱ፣ የጎግል ማፕ ቦታው በደንበኛው ኢሜል ይከፈታል። እኛ የምንሠራበት ፈቃድ ብቻ ነው የሚሰጠን፣ በፈለገ ቀን ይነሳናል። ይሄ ብቻውን የንግግሩን ድምፅ ይቀይረዋል። ሊያባርርህ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በየቀኑ አይጠረጥርህም።

ቀጥሎ «በእርስዎ በኩል የሚወስነው ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። አንድ ስም። ዘመድ ሐሳብ ካለው በዚያ ሰው በኩል ይመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ እንዳለው ገንዘብ ያወጣ ዘመድ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ስብሰባ በቪዲዮ ይግባ እንላለን። ከጅምሩ የገባ ሰው መሐል ላይ አያፈርስም። እንግዳ ሆኖ የቆየው ነው የሚያፈርሰው።

ከዚያ የጊዜው ነገር አለ። የፌስቡክ ማስታወቂያ መጀመሪያ አካባቢ እየተማረ ነው። ለማን ቢታይ መልእክት እንደሚመጣ ሲስተሙ እየሞከረ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ራሱ የሚለው በሳምንት ውስጥ ወደ 50 ያህል ውጤት ሲያገኝ ይረጋጋል ነው። ውጤት ስል መልእክት ወይም ግዢ፣ ያዘዝከው ዓይነት። መሐል ገብተህ ፎቶውን፣ በጀቱን ወይም የሚታይበትን ሰፈር ጉልህ አድርገህ ከለወጥከው ትምህርቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁልጊዜ ሐሙስ ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ደንበኛ ገንዘቡን በሙሉ ለመማሪያ ነው የሚከፍለው። ይሄን በውል ላይ ጽፈነዋል፦ ማስታወቂያ ከተለቀቀ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ አይነካም፣ ዋጋና ስልክ ስሕተት ካልሆነ በቀር።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ሲም ካርድ ነው። ለማስታወቂያው ብቻ አዲስ ቁጥር እናወጣለን። ያ ቁጥር ባነር ላይ የለም፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ የለም። በዚያ ስልክ የጠራ ሁሉ በማስታወቂያው የመጣ ነው። ስልኩን የሚይዘው ደንበኛው ራሱ ነው፣ እኛ አይደለንም። ወሩ ሲያልቅ የጥሪውን ዝርዝር ከእጁ ላይ አብረን እናያለን። የአክስት ልጅም የእኛም ሐሳብ እዚያ ላይ ይለያል። ዘመዱ ሐሳብ ካለው «እሺ፣ ከበጀቱ ትንሽ ቆርሰን የእርሱን ለብቻው እንልቀቀው» እንላለን። በሌላ ቁጥር። አንዳንዴ ዘመዱ ያሸንፋል፣ አያድርስ ነው 😅 ግን ካሸነፈማ አሸነፈ።


ሚኪ_ሳሪስ

@ሄኖክ_ኤጀንሲ ሲሙ ቆንጆ ነው። ግን መልእክት የሚልኩትስ? በኢንቦክስ ነው እኮ ሁሉም የሚያወራው።


ሄኖክ_ኤጀንሲ

መልእክቱን አካውንቱ ራሱ ይቆጥረዋል። ሱቅ ለሚመጣው ደግሞ ካሸሯ ጋ ደብተር አለ፣ «ከየት ሰምተው መጡ?» ትጠይቃለች። ሰው ሁልጊዜ ትክክሉን አይነግርም፣ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።


ፍቅርተ

ቤዛ፣ ዋጋ መጻፉ ላይ ግን ከደንበኛሽ እህት ጋር ነኝ። ልብስ እሸጣለሁ ቴሌግራም ላይ። ዋጋ ስጽፍ ማንም አያናግረኝም። «ኢንቦክስ» ስል ያናግሩኛል፣ ካናገሩኝ ደግሞ አሳምናቸዋለሁ።


ቤዛ_ዲጂታል

@ፍቅርተ ስንቱን አሳመንሽ? ከልቤ ነው የምጠይቅሽ። የፈርኒቸር ቤቱን ኢንቦክስ እኔ ነኝ የምመልሰው። «ዋጋ?» ይላል። እመልሳለሁ። ዝም ይላል። ቀኑን ሙሉ ይሄው ነው። ዋጋው ፖስቱ ላይ ቢኖር ኖሮ እነዚህ ሰዎች አይጽፉም ነበር፣ የሚጽፉት ገንዘቡ ያላቸው ይሆኑ ነበር። የመልእክት ብዛት ያማረ ይመስላል፣ ሶፋ ግን አልተሸጠም።


ባለሱቁ_ከመርካቶ

እዚህ ላይ ልግባ። ዋጋ የማንጽፈው ተፎካካሪን ፈርተን ብቻ አይደለም። ተፎካካሪማ ሰው ልኮ ይጠይቃል፣ እኛም እንልካለን። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዕቃ ያመጣሁበትና የምተካበት ዋጋ አንድ ሆኖ አያውቅም። ያኔ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የጻፍኩትን ዋጋ ስክሪንሾት አድርጎ ከወር በኋላ ይመጣል። «ይኸው እዚህ ላይ ይላል» ይለኛል። ብሸጥ ከሰርኩ፣ ባልሸጥ ውሸታም ነኝ።


ቤዛ_ዲጂታል

ይሄኛውስ ምክንያት ነው ጋሼ። የእኔ ደንበኛ እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ መፍትሔ እንፈልግለት ነበር። «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብሎ ቀን ማስቀመጥ ይቻላል፦ «ዋጋው እስከ ወሩ መጨረሻ የሚጸና»። የድሮውን ፖስት ማረም ይቻላል። እኔ የተነገረኝ ግን «እህቴ አይሆንም አለች» ብቻ ነው። እሷም ምክንያቷ ይሄው ሊሆን ይችላል እኮ፣ እንጨቱም ስፖንጁም በየጊዜው ይጨምራል። መልእክቱ እኔ ጋ ሲደርስ ምክንያቱ መንገድ ላይ ይቀራል።


ኮድ_ጸሐፊው

እንዲያውም ማስታወቂያው ራሱ በዶላር ነው የሚከፈለው። የዶላር ካርድ ያለው ሰው ተፈልጎ፣ በእሱ በኩል፣ ኮሚሽን ተጨምሮ። ድሮ ለቡስት፣ ማለትም ፖስቱ ለብዙ ሰው እንዲታይ፣ የሚያወጣው ብር አሁን እጥፍ ሆኖበታል። ደንበኛ በየቀኑ የሚደውለው ለዚህም ነው። የሽልማቱ ነገር ግን ምንም ምክንያት የለውም። ፌስቡክ «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ» እያሉ የሚለምኑ ፖስቶችን ወደ ታች እንደሚገፋ በዲሴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ተናግሯል። ቢሠራ እንኳ የሚመጣው ሶፋ ገዢ አይደለም፣ ነጻ ሶፋ ፈላጊ ነው።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

አንድ ጥያቄ ከእኛ በኩል። ዘመዴ «ጎግል ላይ ማስታወቂያ ከፍያለሁ፣ ፈልገውና እየው» ይለኛል። እፈልጋለሁ፣ የለም። «ተበልተሃል» እለዋለሁ። ልክ ነኝ?


ኮድ_ጸሐፊው

አይደለህም። ማስታወቂያው ለአዲስ አበባ ከተወሰነ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው አይመጣም። አዲስ አበባ ያለውም ሰው ቢሆን የራሱን ማስታወቂያ በየሰዓቱ እየፈለገ ሳይነካው ቢያልፍ ሲስተሙ «ይሄ ሰው አይፈልገውም» ብሎ ማሳየቱን ይተዋል። ከዚያ ባለቤቱ «ጠፋ» ብሎ ይደውላል። ለዚህ ጎግል የማስታወቂያ ቅድመ እይታ የሚባል መሣሪያ አለው፣ ከተማውን መርጠህ ታያለህ፣ ሒሳብ አይቆጥርም። ዘመድህ ባለሙያውን በዚያ አሳየኝ ይበለው። አላሳይም ካለ ያኔ ተጠራጠር።

ሌላ ምልክት ልስጥህ። «ጎግል ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ከመጣ አባርረው። ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በጻፈው መመሪያ ላይ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ይናገራል። ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ አንተ የሚያመጣ ሺህ ሊንክ እገዛልሃለሁ የሚለውንም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነቱን የሚቀጣ ለውጥ ጎግል ያወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፔንግዊን ይሉታል። እዚህ ግን አሁንም ይሸጣል።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ይሄንን ነው የምንፈልገው። ቀለሙን ትተን የምንጠይቀው ጥያቄ ስጡን። ዘመድ መጠየቁን አይተውም፣ እኛም መመለሳችንን አንተውም።


ናቲ_ግራፊክስ

ቤዛ ለመጀመሪያ ጥያቄሽ፦ እኔ እለቃለሁ። ሦስተኛው «የእገሌ ሐሳብ» ላይ ሒሳቤን ተቀብዬ እወጣለሁ። ሁሉንም ደንበኛ ማስተማር አልችልም፣ የቤት ኪራይ አለብኝ።


ሄኖክ_ኤጀንሲ

@ናቲ_ግራፊክስ አንተ ብቻህን ስለሆንክ ትችላለህ። እኛ ደመወዝ የምንከፍላቸው ልጆች አሉ። ሁሉንም ብንለቅ መርካቶ ውስጥ ደንበኛ አይቀርልንም።


ባለሱቁ_ከመርካቶ

ክርክራችሁ ደስ ይላል። የእኔን ፔጅ ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ልጁ ይዞት የሄደውን ማስመለስ ይቻላል ወይስ አዲስ ልክፈት?


ሄኖክ_ኤጀንሲ

ይቅርታ ጋሼ። መጀመሪያ አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ የእርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አካውንት በፔጁ ላይ ሙሉ ቁጥጥር ያለው ሆኖ ተመዝግቦ ያውቃል? አንዳንዴ ልጁ ሳያነሳው ይረሳዋል። ካለ ከዚያ ገብተው እሱን ማስወጣት ነው። ከሌለ ለሜታ የባለቤትነት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፣ መታወቂያና የንግዱን ሰነድ ይጠይቃሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይሳካል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ጎን ለጎን አዲሱን በራስዎ ኢሜል ይክፈቱ። ሱቅ ለሚመጣው ደንበኛ አዲሱን ያሳዩት፣ ያኛው ላይ ያለው ስልክ የእርስዎ እንዳልሆነም ይንገሩት።


ባለሱቁ_ከመርካቶ

የወንድሜ ልጅ ከፔጁ ጋር ነበር መጀመሪያ ላይ። የእሱ ስም ይኖርበት ይሆናል። ልጠይቀው።


ቤዛ_ዲጂታል

ካለበት ዛሬውኑ ይግቡ ጋሼ። መጀመሪያ ፔጁን ይዞ የሄደውን ልጅ ያስወጡት። የወንድምዎ ልጅ ካልገባው እኔ በስልክ እመራዋለሁ፣ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።